ለኢብራሂም የተላከ መልእክት

ባለፈው ሳምንት ከሐሙሲት ወደ ባሕር ዳር ስሄድ የተሳፈርሁበት አውቶቡስ ከጎንደር በኩል የመጣ ነበር። ከኋላ ወንበሮች ላይ አሥር አሥራ ሁለት የሚሆኑ ወጣቶች ተቀምጠዋል፤ ከእንፍራንዝ ነው የተሳፈሩት። በጉልበታቸው መካከል በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል። አውቶቡሱ ጉድጓድ ሲመታ የአንዱ ጨርቅ ተገለጠና ቆልማማ ጫፉን አየሁት። የገና ዱላ ነው።

«ልጆች፣ ገና እኮ ካለፈ ቆየ፤ ዱላ ይዛችሁ ወዴት ነው?» አልኋቸው።

«ለውድድር ነው አባባ» አለኝ በመስኮቱ በኩል ያለው። «ባሕር ዳር የባህል ስፖርት ውድድር አለ። እርስዎም ይጫወቱ ነበር እንዴ?»

«በረኛ ነበርሁ።»

ሳቁ። ለክፋት አይደለም፤ ይህ ጥርሱ የረገፈ ሽማግሌ ግብ ላይ ቆሞ ሲታያቸው ነው። ስለ ዱላችን፣ ስለ ሜዳው፣ ስለ ጊዜው ተጫዋቾች ጠየቁኝ፤ ደስ እያለኝ መለስሁላቸው። ስለ መጨረሻው ጨዋታ ሲጠይቁኝ ግን «እሱ ረጅም ነገር ነው» ብዬ ፊቴን ወደ መንገዱ አዞርሁ። ለእነሱ ያልነገርሁትን ረጅም ነገር እዚህ ልጻፈው።

ያኔ ዕድሜዬ ሃያ ቢሆን ነው። ቤታችን ባሕር ዳር፣ ከሐይቁ ዳር ብዙም በማይርቅ ሰፈር ነበር። አባቴ መሪጌታ ነበሩ፤ ለተማሪዎቻቸው ዜማ ሲያወርዱ ድምፃቸው እስከ መንገዱ ይሰማል። ከአጥራችን ማዶ ደግሞ አያ ሁሴን ነበሩ፤ ዓሣ አጥማጅ፣ ታንኳቸውን ከደንገል ራሳቸው የሚያስሩ፣ ነገር የማያበዙ ሰው። ልጃቸው ኢብራሂም እኩያዬ ነው። እህቱ ዘይነባ በሁለት ዓመት ታንሰናለች።

ሁለቱን ቤቶች ሥጋ ይለያቸው ነበር፤ የእነሱን እኛ አንበላም፣ የእኛን እነሱ አይበሉም። ዓሣ ግን ያገናኘናል። አያ ሁሴን ደህና ቆሮሶ ዓሣ የያዙ ዕለት ሁለቱን ወደ እኛ ቤት ይልካሉ፤ እናቴ በሎሚና በበርበሬ አሽታ ስትጠብሰው ኢብራሂም ሽታውን ተከትሎ ይመጣና «የላክነውን ልናይ ነው» እያለ ከእኔ ጋር ከአንድ ሳህን ይበላል። እንዲህ ሆነን አደግን።

ገና የሚጫወት እስላም ማለት ለአንዳንዱ ሰው የማይዋጥ ነገር ነበር። አንድ ቀን የሰፈር ሽማግሌ ይህንኑ አንሥተው አባቴን ቢጠይቋቸው፣ አባቴ ዳዊታቸውን ሳይዘጉ «ልደቱ የጌታ ነው፤ ጥንጓ ግን የመታት ናት» አሉ። ከዚያ ወዲህ የጠየቀ የለም። ደግሞም ጥንጓን እንደ ኢብራሂም የሚመታት አልነበረም። ለማያውቀው ሰው ጥንግ ማለት እንደ ድንጋይ የጠነከረች ትንሽ ኳስ ናት፤ ሁለት ቡድን በቆልማማ ዱላ መሬት ለመሬት እየገፋ ወደ ሌላው ግብ ያስገባታል። ቅልጥም የሚሰበርበት ጨዋታ ነው። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ የተባለውም ያለ ምክንያት አይደለም። ኢብራሂም ግን በዚያ ሁሉ ዱላ መካከል ማንንም ሳይነካ፣ ማንም ሳይነካው፣ ዓሣ በደንገል መካከል እንደሚያልፍ ያልፍ ነበር።

ቡድኑን ያቋቋሙት ጋሽ ካሳሁን ናቸው። የዱርቤቴ ሰው ናቸው፤ የስፖርት አስተማሪ፣ ቁመተ አጭር፣ ፉጨታቸው ከፊሽካ የሚበልጥ። አናጢ፣ ልብስ ሰፊ፣ ሁለት ተማሪ፣ አንድ ዲያቆን፣ እኔን፣ ኢብራሂምን፣ እንዲህ እንዲህ እያሉ ከየሰፈሩ ለቀሙን። ከሥራ በኋላ፣ ፀሐይ በረድ ሲል፣ ሐይቁ ዳር ባለው ደረቅ ሜዳ ያሠለጥኑናል። ማንም የአገር ቡድን እንሆናለን ብሎ አላሰበም። የከተማውን ውድድር ስናሸንፍ ሰው ዕድል ነው አለ። የክፍለ ሀገሩን ስናሸንፍ ዝም አለ። ከዚያ የአገር አቀፉ ውድድር እዚያው ባሕር ዳር እንደሚደረግ ተሰማ፤ ክፍለ ሀገራችንን ወክለን ልንሰለፍ ነው። አናጢው የዚያን ሰሞን ምስማር እየሳተ ጣቱን እንደቀጠቀጠ ትዝ ይለኛል።

ወሩ የካቲት ነበር፤ ዐቢይ ጾም ገብቷል። ጋሽ ካሳሁን «በሽሮ ነው እንዴ ከአዲስ አበባ ልጆች ጋር የምትጋፉት?» እያሉ ይበሳጫሉ። እኔ የመሪጌታ ልጅ ነኝ፤ ሽሮዬን በተልባ እያጀብሁ እጋፋለሁ። በየካቲት የጣና ጠዋት እንደ መስተዋት ነው። እኩለ ቀን ሲያልፍ ግን ከሰሜን ነፋስ ይነሣና ውኃው መልኩን ይለውጣል። ስለዚህ ባለታንኳ ሁሉ ጎሕ ሲቀድ ገብቶ ረፋድ ላይ ይመለሳል። ይህን የሐይቅ ዳር ልጅ ከእናቱ ጡት ጋር ነው የሚማረው።

ለፍጻሜ ደረስን። የገጠምነው ከአዲስ አበባ የመጣውን ቡድን ነበር፤ ሁሉም አዲስ ጫማ፣ አንድ ዓይነት ካልሲ። እኛ የሸራ ጫማችንን በገመድ አጥብቀን ወጣን። ጨዋታው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተጀመረ። ነፋሱ ከወትሮው ብሷል። ከሐይቁ በኩል እየመጣ አቧራውን ፊታችን ላይ ይበትናል፤ የመንገዱ ዘንባባዎች ጎንበስ ቀና ይላሉ። በመጀመሪያው አጋማሽ ነፋሱ በእኛ ላይ ነበር። ጥንጓ ወደ እኔ ስትመጣ ክንፍ አውጥታ ነው፤ አንዷን በእግሬ መለስሁ፣ አንዷን በደረቴ፣ ሦስተኛዋ ግን በጉልበቴ ሥር ሾልካ ገባች። አንድ ለዜሮ። ሜዳውን የሞላው የባሕር ዳር ሰው በአንድ አፍ «ወይኔ!» አለ።

እረፍት ሊወጣ ሁለት ሦስት ደቂቃ ሲቀር ስሜን ከኋላዬ ሰማሁ። የቆምሁበት ግብ በመግቢያው በር በኩል፣ ከሽቦ አጥሩ አጠገብ ነበር። ዞር ስል ዘይነባ ናት። ሻርፗ ወደ ትከሻዋ ወርዷል፤ ጫማ አላደረገችም። ዘበኛው ሜዳው ሞልቷል ብሎ አላስገባትም።

«አዲሱ! አባባ አልተመለሱም!»

«ከየት?»

«ከሐይቅ ነዋ! ጎሕ ሲቀድ ነው የወጡት። አብረዋቸው የወጡት ሁሉ ገብተዋል። ለኢብራሂም ንገረው፤ አሁኑኑ ይምጣ። የት እንደሄዱ እሱ ያውቃል በለው። ሰምተሃል? እሱ ያውቃል!»

«ሰምቻለሁ» አልሁ። ወዲያው ወደ ሐይቁ ሮጠች። እኔ እነግረዋለሁ ብላ አመነች፤ ምን ትጠራጠር? ከአንድ ሳህን የበላን ሰዎች ነን።

ፊሽካው ተነፋ። ኢብራሂም ከሜዳው ወዲያ ማዶ ውኃ እያፈሰሰ ፊቱን ይታጠባል። ወደ እሱ መሄድ ነበረብኝ። እኔ ግን ወደ ጋሽ ካሳሁን ሄድሁ።

ነገሩን ስነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ። ሐይቁን አዩ፣ ሰዓታቸውን አዩ፣ ኢብራሂምን አዩ።

«ፈላጊ ወጥቷል?»

«ሳይወጣ አይቀርም።»

«እንግዲያ ይህ ልጅ ቢሄድ ምን ይጨምራል? ጀልባ አይፈጥር። ደግሞ ክፉ ነገር እንዲህ በድንገት አይነገርም፤ ወግ አለው። ሃያ አምስት ደቂቃ ናት። ከጨዋታው በኋላ ቀስ ብለን፣ ይዘነው፣ እንነግረዋለን።» ከዚያ ክንዴን ያዙኝ። «ሌላ ያለችህ ነገር አለ?»

አሁን የምጽፈውን ለብዙ ዘመን ለማንም አልተናገርሁም። «የለም» አልኋቸው።

ሁለተኛው አጋማሽ ተጀመረ። ግብ ተለዋወጥን፤ አሁን እኔ የምቆመው በሐይቁ በኩል ነው። ነፋሱ ከጀርባዬ እየመጣ ወደፊት ይገፋናል። አባትዬውን በውኃ ላይ የሚያንገላታው ነፋስ ለልጁ ጥንጓን ይነዳለታል። ከኋላዬ ማዕበሉ ከዳርቻው ድንጋይ ጋር ሲላተም ይሰማኛል። ዞር ብዬ እንዳላይ አንገቴን አደነደንሁ። ጥንጓ ወደ እኔ እንድትመጣ ተመኘሁ፤ ስትመጣ ቢያንስ ሌላ አላስብም።

ከአምስት ደቂቃ በኋላ ኢብራሂም አገባ። ሦስት ሰው አልፎ፣ በረኛውን በዓይኑ አታሎ። አንድ ለአንድ። ሰው ወደ ሜዳው ሊገባ ሲል ፖሊስ በጭንቅ መለሰው። ጋሽ ካሳሁን መሬቱን ሳሙ። እኔ አልጮህሁም።

ጥቂት ቆይቶ ከመስጊዱ የአሱር አዛን፣ የከሰዓት በኋላው ሶላት ጥሪ፣ ተሰማ። በዚያው ቅጽበት ጥንጓ ወጥታ ስለነበር ጨዋታው ቆሟል። ኢብራሂም ዱላውን ተደግፎ ትንፋሹን እየሰበሰበ ወደ ኋላ መጣ፤ ዓይኑ ግን እኔን አልፎ ወደ ሐይቁ ነው።

«ነፋሱ በረታ አይደል?» አለኝ። «ከዚያ ይታይሃል? ውኃው እንዴት ነው?»

ሐይቁ ከላይ እስከ ታች ነጭ አረፋ ሆኗል። አንድም ታንኳ አይታይም።

«ደህና ነው» አልሁት። «ተጫወት።»

አመነኝና ሄደ። አቧራው ነው መሰለኝ ዓይኔን አቃጠለኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን ጨዋታ በቅደም ተከተል አላስታውሰውም። አንድ ረጅም ልጅ ዱላውን ሲያነሣ፣ ጥንጓ ቅልጥሜን ስትመታ፣ ሕመሙ ደስ ሲለኝ ትዝ ይለኛል። ጠባሳው ዛሬም አለ። ሊያልቅ ሲል ደግሞ ኢብራሂም ከቀኝ በኩል ሲመጣ፣ ልብስ ሰፊው ሲያቀብለው፣ ሜዳው በሙሉ ሲነሣ። ሁለት ለአንድ። ፊሽካ።

ሰው እንደ ጎርፍ ገባ። ኢብራሂምን ትከሻ ላይ አወጡት፤ እጁን ዘርግቶ ይስቃል፤ ከሕዝቡ መካከል ይፈልገኛል፤ «በረኛው! በረኛውን አምጡት!» ይላል። ጋሽ ካሳሁንን ዞር ዞር ብዬ ፈለግሁ፤ በደስታ የሚያለቅሱ ሰዎች አንቀዋቸዋል። ቀስ ብለን፣ ይዘነው፣ ያሉት ነገር ቀረ። ሕዝቡን እየገፋሁ ሄጄ እግሩን ያዝሁና ወደ ታች ጎተትሁት። ሊያቅፈኝ ነበር።

«አባትህ ከሐይቅ አልተመለሱም» አልሁት። «ዘይነባ መጥታ ነበር።»

ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረ። «መቼ?»

«ከእረፍት በፊት።»

አንድ ጊዜ ብቻ አየኝ። ዱላውን ጣለና ሮጠ። እያነከስሁ ተከተልሁት።

ዳርቻው ላይ ሴቶች ተሰብስበው ቆመዋል። ዘይነባ ወገቧ ድረስ ውኃ ውስጥ ናት። ፈላጊዎቹ በሁለት ጀልባ ወደ ክብራን ደሴት በኩል ሄደዋል አሉን፤ አያ ሁሴን ከድሮ ጀምሮ መረብ የሚጥሉት እዚያ ነዋ። ኢብራሂም ጭንቅላቱን ያዘ።

«ወደዚያ ምን ሊያደርጉ? አባቴ መረባቸውን ወደ ዓባይ መውጫ ካዞሩ እኮ ሳምንታቸው ነው! ትናንት አብሬያቸው ነበርሁ!»

ዘይነባ ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች።

አንድ የሰፈራችን ሰው ሞተር ጀልባውን አስነሣ። ኢብራሂም ገባ፣ እኔም ገባሁ፤ ውረድ ያለኝ የለም፣ ና ያለኝም የለም። ዓባይ ከጣና ወደሚወጣበት በኩል ሄድን። እዚያ ውኃው ዝም ብሎ ይስባል፤ ደንገሉ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ጉማሬም አይጠፋበት። ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነው። ኢብራሂም ከፊት ቆሞ «አባ! አባ!» እያለ ይጣራል፤ ነፋሱ ቃሉን ከአፉ ይነጥቀዋል። በመጀመሪያ ያገኘነው ታንኳዋን ነው። ተገልብጣ፣ ማሰሪያዋ ተፈትቶ፣ ደንገል ላይ ተጋድማለች። ሰው የለባትም። ባለጀልባው ሞተሩን አጠፋ። ለአፍታ የሚሰማው የውኃው ድምፅ ብቻ ሆነ። እግዚአብሔርን ምን ብዬ እንደለመንሁት ልጽፈው አልችልም።

ከደንገሉ ውስጥ ሳል ሰማን።

አያ ሁሴን እስከ አገጫቸው ውኃ ውስጥ ነበሩ፤ አንድ እጃቸውን ከደንገል ሥር ጋር በመረብ ገመድ አስረውታል። ኢብራሂም ዘሎ ገባ። እኔ ከላይ ሆኜ ብብታቸውን ይዤ ጎተትሁ። ሰውነታቸው እንደ በረዶ ነው። ጀልባው ላይ ስናሳርፋቸው ዓይናቸውን ገለጡና ልጃቸውን አዩት፤ ከዚያ እኔን። «ሁለታችሁም መጣችሁ» አሉ።

ሦስት ሳምንት ሆስፒታል ተኙ። ውኃ ብዙ ገብቶባቸው ስለነበር ደረታቸው ዳግመኛ አልዳነም፤ ወደ ሐይቁ አልተመለሱም። ጋሽ ካሳሁን ዋንጫውን ይዘው ሲጠይቋቸው፣ የሆነውን ሁሉ ራሳቸው አንሥተው ይቅርታ ለመኑ። አያ ሁሴን ፈገግ አሉ።

«ምን በደሉና ነው ጋሽ ካሳሁን? ቢነገረው ብቻውን ዘሎ በገባ ነበር። አላህ ያለው ነው የሆነው።» ከዚያ ስለዚያ ቀን ያወሩልን ጀመር። «ታንኳዋን እንደያዝሁ ብዙ ቆየሁ። ነፋሱ ፋታ ሲሰጥ የአሱር አዛን ሰማሁ፤ ያን ጊዜ ገና ብርቱ ነበርሁ። ከአዛኑ በኋላ ነው ክንዴ የከዳኝ። እሷም ሄደች።»

ማንም ቀና ብሎ አላየኝም፤ ከኢብራሂም በቀር።

ወደ ግቢው ወጥተን ከዋርካው ሥር ቆምን። ድምፁን ከፍ አላደረገም።

«ጋሽ ካሳሁን ቆይ እንዳሉህ ነግረውኛል። እሳቸው አባቴን በደንብ አያውቋቸውም፤ አልቀየምም። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። ዘይነባ፣ የት እንደሄዱ እሱ ያውቃል በለው፣ ብላህ ነበር?»

«ብላኛለች።»

«ለጋሽ ካሳሁን ነገርሃቸው?»

«አልነገርሁም።»

«ረስተኸው ነው?»

አዎ ብል ያምነኝ ነበር። እሱም እንድል የፈለገ ይመስለኛል፤ መንገዱን ከፍቶልኝ ነው የጠየቀኝ። ግን አንድ ጊዜ «ደህና ነው» ብዬዋለሁ፤ ሁለተኛ መዋሸት አልቻልሁም።

«አልረሳሁትም» አልሁት። «ብነግራቸው እንደሚለቁህ አውቅ ነበር።»

ኢብራሂም ወደ ሆስፒታሉ በር ተመለከተ። «እሺ» አለ በመጨረሻ። ወደ አባቱ ተመልሶ ገባ።

ከዚያ በኋላ ገና አልተጫወተም። የአባቱን ሥራ ያዘ፤ ቆይቶም የእንጨት ጀልባ መሥራት ጀመረ። አልተጣላንም። መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ቆሞ ሰላም ይለኛል፣ ስለ አባቴ ጤና ይጠይቃል፣ በበዓል ቤታችን ይመጣል። ሽታ ተከትሎ ግን መጥቶ አያውቅም። እኔ አስተማሪ ሆኜ ወደ ሐሙሲት ሄድሁ። አያ ሁሴን ብዙ ዓመት ቆይተው ሲያርፉ ለቀብር መጣሁ። ከሰው ኋላ ቆሜ ሳለሁ ኢብራሂም አየኝና «አዲሱ፣ ና ከዚህ ያዝ» ብሎ የቃሬዛውን የፊት ጎን ሰጠኝ። ትከሻ ለትከሻ ተሸከምናቸው። በመካከላችን ስለዚያ ቀን ሌላ ነገር ተነግሮ አያውቅም።

አሁን እኔም ሽማግሌ ነኝ፤ በሰፈሬ መርዶ ሲኖር ከሚጠሩት አንዱ ነኝ። መርዶን ሌሊት አንነግርም፣ ሰውን ለብቻው አንነግርም፣ እህል ሳይቀምስ አንነግርም። ደግ ወግ ነው። አባቶቻችን ይህን የሠሩት ሐዘኑ ለወደቀበት ሰው አስበው ነው። እኔ በሃያ ዓመቴ ያንን ወግ ለራሴ ተከናነብሁት። ዘይነባ የሰጠችኝ ቃል የእኔ አልነበረም፤ አደራ ነበር፤ ለማን እንደሚደርስ ስሙ ተጠርቶበታል። ደግሞ አያ ሁሴን ያኔ አልሞቱም ነበር። መርዶ አልነበረም የያዝሁት፤ ድረሱልኝ ነበር።

ስለዚህ ሽማግሎች ተሰብስበን አንዱ «ቆይ፣ አሁን አይነገረው» ሲል፣ አንድ ነገር እጠይቃለሁ፤ የምንቆየው ለማን ስንል ነው? ለእሱ ከሆነ ጋቢዬን ተከናንቤ እስኪነጋ እቀመጣለሁ። ለእኛ ከሆነ ግን ከዘራዬን አንሥቼ ልነግረው ብቻዬን እወጣለሁ። አንዳንዶቹ ሽማግሌው ትዕግሥት አጣ ይሉኛል። ይበሉ።